ሃርቪ ኩሺንግና የ1918ቱ ወረርሽኝ

የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንዲቆም በማድረግ ረገድ ሃርቪ ኩሺንግን የሚስተካከል ሐኪም ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለደ። በዬልና በሃርቫርድ ተምሮ በባልቲሞር ሥራ ሲጀምር፣ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ዕጢ የወጣለት በሽተኛ በሕይወት መትረፉ እንደ ብርቅ ይቆጠር ነበር። ዋናው ጠላት የደም መፍሰስ ነበር። የአንጎልን ደም ሥር እንደ ሌላው አካል በክር ማሰር ስለማይመች፣ ኩሺንግ በ1911 ሥሩን ቆንጥጣ የምትይዝ ትንሽ የብር መቆንጠጫ ሠራ።

በ1917 ወደ ጦር ግንባር ተሻገረ። በቤልጅግ ግንባር በአንጎል ውስጥ የተሰገሰገ የብረት ስብርባሪን ለማውጣት ተራ ምስማር በማግኔት አጠንክሮ ይጠቀም ነበር፤ የመልካ ጀብዱ ፋብሪካዎች መካኒክ ቢያየው የሚያደንቀው እንጂ የሚደነግጥበት ዘዴ አይደለም። በማደንዘዣውም፣ ቁስሉን በማጽዳቱም፣ በመዝጋቱም ሥርዓት ስላበጀ፣ በሦስት ወር ውስጥ የሟቾቹ ብዛት ከመቶ 54 ወደ ከመቶ 29 ገደማ ወረደ።

በ1918 የመጣው ግን በምስማርም በመቆንጠጫም የሚመለስ አልነበረም። በእኛ አገር በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተብሎ አዲስ አበባን ያራቆተው፣ ራስ ተፈሪንም ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው ኢንፍሉዌንዛ፣ በፈረንሳይ የነበሩትን የጦር ሆስፒታሎች አልጋዎች አጥለቀለቀ። ኩሺንግ ራሱ በዚያ ዓመት ታመመ። ትኩሳቱ ሲያልፍ እግሮቹ ከዱት፤ እጆቹም ደነዘዙ። በጣቶቹ ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ፍርድ ሊኖር አይችልም። ሳምንታትን በሆስፒታል አሳልፎ እጆቹ ቢመለሱለትም፣ የእግሩ ሕመም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

በ1919 ወደ ቦስተን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። መሐንዲሶችን ይበልጥ የሚስበው ግን ከፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቦቪ ጋር የሠራው ነው። ጥቅምት 1 ቀን 1926 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ ከቀናት በፊት በደም መፍሰስ ምክንያት የተቋረጠን ቀዶ ጥገና፣ በከፍተኛ ድግግሞሽ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚቆርጥና ደም የሚያረጋ መሣሪያ ይዘው ፈጸሙት። ደም ሊለግስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ተማሪ ራሱን ስቶ ከመቀመጫው ወድቋል። ኩሺንግ ከዚያ በኋላ ቀድሞ አይደፈሩም ያላቸውን በሽተኞች መልሶ ጠራቸው።

ሌላም ነገር ትቶ አልፏል። ከ1910 እስከ 1925 የፒቱታሪ ዕጢ ያለባቸውን 231 ሰዎች በአፍንጫ በኩል በሚያልፍ መንገድ ቀዷል፤ ኋላ ግን በራስ ቅል በኩል መክፈትን መረጠ። ይህ የቆየ ምርጫ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ከታሪክ መጽሐፍ ወጥቶ የዕለት ጥያቄ ሆነ። ቫይረሱ በአፍንጫ ውስጥ ስለሚከማችና በአፍንጫ በኩል መሰርሰር በክፍሉ ያሉትን ሁሉ ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ በብዙ አገሮች መቆየት የሚችለው በሽተኛ ተራው እንዲተላለፍ፣ ዓይኑ ሊጠፋ የደረሰው ደግሞ በሌላ መንገድ እንዲቀደድ ወይም ሐኪሞቹ የተሟላ መከላከያ ለብሰው እንዲሠሩ ተደረገ። ዕጢው ግን እስኪጠሩት አይጠብቅም፤ የማስተላለፉ ውሳኔም ከመቅደዱ የቀለለ አልነበረም።

ኩሺንግ ሁለት ሺኛውን ዕጢ በ1931 ቀደደ። በጥቅምት 1939 በልብ ሕመም ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረ፤ በገዛ አንጎሉም ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕጢ ተገኘች።