መኮንን ሀብተ ወልድ

አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ (ያረፉት ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የንግድና የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ሲሆኑ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር መሥራችም ናቸው። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የጣሊያን ወረራ እየተቃረበ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡን ለአገሩ እንዲነሣ ለመቀስቀስ ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ዘፋኞችን፣ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን፣ ተወዛዋዦችንና ተዋንያንን በደመወዝ ቀጥሮ የሚያሠራ የመድረክ ተቋም ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ቴአትር የዚሁ ማኅበር ቀጣይ ነው።

አቶ መኮንን በዘመናቸው በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር። አንደኛው ለኪነ ጥበብ ሰዎች ያደረጉት ድጋፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለንጉሠ ነገሥቱ መረጃ የሚያመጣ ሰፊ የሰዎች መረብ ማቆማቸው ነው። የማኅበሩም ታሪክ ከእነዚህ ከሁለቱም ተለይቶ አይታይም።

ትውልድና ትምህርት

አቶ መኮንን ከሸዋ፣ ከቡልጋ ከመጣ የካህን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ይባላሉ። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ታናናሽ ወንድሞቻቸው አክሊሉ ሀብተ ወልድና አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድ ወደ ውጭ አገር ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ሲማሩ፣ እርሳቸው ግን የቤተ ክህነቱን ትምህርት ይዘው ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በንግድ ሚኒስቴር በኃላፊነት ያገለግሉ ነበር።

በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ዜማና ቅኔ ትልቅ ቦታ አላቸው። በዚያ ዘመን ለመድረክ የጻፉ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ትምህርት የወጡ ነበሩ።

ከማኅበሩ በፊት የነበረው መድረክ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት መነሻ አድርገው በጻፉት ተውኔት እንደሆነ ይነገራል። ተውኔቱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ለመኳንንት ከቀረበ በኋላ የመንግሥቱን አሠራር ይነቅፋል ተብሎ ታገደ። ቀጥሎ መድረኩን ያንቀሳቀሱት በአብዛኛው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ስመ ጥሩ የነበሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ከጎጃም የመጡ የቅኔ ሊቅ፣ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ተውኔትና መዝሙር ያቀርቡ ነበር።

ከትምህርት ቤት ውጭ የነበረው የሕዝብ መዝናኛ በአዝማሪዎች እጅ ነበር። አዝማሪ በሠርግ፣ በጠጅ ቤትና በመኳንንት ግብዣ ላይ ማሲንቆውን ይዞ እየገጠመ ይዘፍናል፤ የሚኖረውም አድማጮቹ በሚሰጡት ሽልማት ነው። ችሎታው ቢደነቅም ሙያው ይናቅ ነበር። ከቤተ መንግሥት ወይም ከመኳንንት ቤት የተጠጋው ሲቀር፣ አዝማሪው ቋሚ ገቢም ሆነ የራሱ አዳራሽ አልነበረውም።

የሀገር ፍቅር ማኅበር መመሥረት

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ኢጣሊያ ለጦርነት መዘጋጀቷ ግልጽ ሆነ። በዚያ ጊዜ ጋዜጣ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሕዝቡን ስለ ሁኔታው ለማስረዳት በአደባባይ መናገር፣ ግጥም ማንበብና መዘመር ከጽሑፍ ይልቅ ይደርስ ነበር። አቶ መኮንን ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት ለዚሁ ዓላማ ነው።

ማኅበሩ በአዲስ አበባ ሕዝብ እየሰበሰበ ንግግር፣ ግጥም፣ መዝሙርና ፉከራ ያቀርብ ጀመር። ተናጋሪዎቹ ስለ አንድነት፣ ስለ ዐድዋ ድልና ስለ ነፃነት ክብር ያስተምሩ ነበር፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም በዚህ ቅስቀሳ ተሳትፈዋል። የዚያን ጊዜው ዝግጅት ገና ቴአትር የሚባል አልነበረም። ሆኖም ንግግርን ከዜማ፣ ዜማን ከጭውውት ጋር አጣምሮ ማቅረብ የማኅበሩ ልማድ ሆኖ ለረጅም ዘመን ቀጠለ።

ወረራና ስደት

የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ማኅበሩ ከተቋቋመ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ቅሪት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢሉባቦር ተሻግሮ ጎሬን መቀመጫው አደረገ። በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራው ጊዜያዊ አስተዳደርና ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ሆነው ተቃውሞውን ለማደራጀት ሞከሩ። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች፤ ራስ እምሩም በሚቀጥለው ወር ተማረኩ።

ማኅበሩ ተበተነ፤ አቶ መኮንንም ተሰደዱ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ሄዱ። በአገር ውስጥ ለቀሩት የቃል ባለሙያዎች ደግሞ ጊዜው እጅግ ከባድ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የኢጣሊያ ባለሥልጣኖች በየቦታው የሚዘዋወሩ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ሕዝቡን ያነሣሣሉ ብለው እንዲያዙና እንዲገደሉ አዘዙ። ማሲንቆ ይዞ መዘዋወር ለሞት የሚያበቃበት ዘመን ሆነ።

ማኅበሩ ቴአትር ቤት ሲሆን

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ እንደገና ሥራ ጀመረ። በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በጣሊያኖች ዘመን መዝናኛ ክበብ የነበረ ቤት ተሰጠው። ማኅበሩ የራሱ አዳራሽ ሲያገኝ ሥራው ተለወጠ። ጦርነቱ ስላለፈ ከቅስቀሳው ይልቅ ሕዝብን ማዝናናትና ማስተማር ዋናው ተግባር ሆነ።

ከየአገሩ የመጡ ማሲንቆ መቺዎች፣ ክራር ደርዳሪዎች፣ ዋሽንት ነፊዎች፣ ከበሮ መቺዎችና ተወዛዋዦች በአንድ ጓድ ተሰበሰቡ። ይህ በራሱ አዲስ ነገር ነበር። አዝማሪ እንደ ልማዱ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ይጫወታል፤ ዋሽንት የእረኛ መሣሪያ ነው፤ ክራርም ብዙ ጊዜ የሚደረደረው ለብቻ ነው። በማኅበሩ ግን እነዚህ መሣሪያዎች በአንድነት ተቃኝተው፣ በልምምድ ተዘጋጅተው ትኬት ገዝቶ ለገባ ተመልካች ቀረቡ። የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ውዝዋዜም በአንድ መድረክ ላይ ተከታትሎ መታየት ጀመረ።

ተውኔቶቹ በመጀመሪያ ስለ አርበኝነት፣ ስለ ታማኝነትና ስለ ምግባር የሚያስተምሩ ነበሩ። ሴት ወደ መድረክ መውጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ሴቶች ወደ ሙያው የገቡት ቀስ በቀስ ነው። ከማኅበሩ ደራሲዎች መካከል ኢዮኤል ዮሐንስ፣ መላኩ አሻግሬና ማቴዎስ በቀለ ይጠቀሳሉ። ፍሬው ኃይሉ፣ ጠለላ ከበደና ጌታመሳይ አበበን የመሰሉ ድምፃውያንና ተጫዋቾችም በዚሁ ቤት ሠርተዋል።

የወሊሶው ተማሪ

ማኅበሩ ሥራውን በአዲስ አበባ ብቻ አልወሰነም፤ ጓዱ ወደ ሌሎች ከተሞችም ይጓዝ ነበር። ከጉዞዎቹ በጣም የታወቀው ወደ ወሊሶ የተደረገው ነው። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ይኸው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል በበደሌና በሁሩሙ አድርጎ መቱና ጎሬ ይደርሳል። የማኅበሩ ባለሙያዎች ኢዮኤል ዮሐንስና ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት በተገኙ ጊዜ፣ አንድ ተማሪ ቀርቦ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገራቸው። እነርሱም ሙያውን ከፈለገ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከሩት።

ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። ከቤተሰቡ ተደብቆ በእግሩ ወጣ፤ ቱሉ ቦሎ ካደረ በኋላም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባ። በሀገር ፍቅር ተቀጥሮ መዝፈን ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ከቤተሰብ ፈቃድ ውጭ ዘፋኝ ለመሆን የተነሣ የገጠር ከተማ ልጅ የሚቀጠርበት ቤት ማግኘቱ የማኅበሩን ጥቅም ያሳያል። በአባቶቹ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው የጠጅ ቤት ደጅ ብቻ ነበር።

የባለሙያዎቹ ኑሮና የማኅበሩ ወሰን

በማኅበሩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። አንድ ሰው ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ተዋናይ ሆኖ ሦስቱንም ሥራ ይሠራል። ቢሆንም የወር ደመወዝ፣ የልምምድ ቦታና የሥራ ባልደረባ ማግኘታቸው ከቀድሞው የአዝማሪ ኑሮ ይለያቸዋል። ድምፃቸው በአዲስ አበባ ሬዲዮ መሰማቱም በመላው አገሪቱ አሳወቃቸው።

በሌላ በኩል ማኅበሩ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙትና የሚመሩት የሙያ ማኅበር አልነበረም። ህልውናው በመሥራቹ ድጋፍና በመንግሥት ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። በዚያ ዘመን ተውኔቶች ከመቅረባቸው በፊት ይመረመራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ማመስገንም የዝግጅቱ ክፍል ነበር። ሚኒስትሩ ለመድረኩ ጥላ ሲሆኑ፣ በመድረኩ ላይ የሚባለውና የማይባለውም በዚያው ጥላ ሥር ይወሰን ነበር።

ጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ተከፈተ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎችም እየተጠናከሩ ሄዱ። ባለሙያዎችም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መዛወር ቻሉ።

በመንግሥት ሥራ

አቶ መኮንን ከነፃነት በኋላ በንግድ ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎ በገንዘብ ሚኒስትርነት፣ በመጨረሻም እንደገና በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትርነት አገልግለዋል። በ1947 ዓ.ም. ኃያሉ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተሰሚነታቸው ከፍ አለ። ወንድሞቻቸውም በከፍተኛ ሥልጣን ላይ ነበሩ።

ኑሯቸው ቀላል ነበር፤ እንደ ሌሎች መኳንንት ሀብት በማከማቸት አይታወቁም። ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶችን ይረዱ ነበር፤ የሚረዷቸውም ሁኔታቸውን ለመከታተል ጭምር እንደሆነ ብዙዎች ያምኑ ነበር። በዚህ ምክንያት በአንዳንዶች ዘንድ እንደ አሳዳጊ ሲወደዱ፣ በሌሎች ዘንድ ደግሞ ይፈሩና ይጠሉ ነበር።

የታኅሣሥ ግርግርና ሞት

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አስነሡ። ሚኒስትሮችና መኳንንት ተይዘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሰሩ፤ አቶ መኮንንም ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የጦር ሠራዊቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆኖ ክቡር ዘበኛን ድል ማድረግ ሲጀምር፣ አመፀኞቹ ታኅሣሥ 7 ቀን አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል በነበሩት እስረኞች ላይ ተኩስ ከፈቱ። አቶ መኮንን በዚያ ተገደሉ። ከእርሳቸው ጋር ከሞቱት መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይገኛሉ።

ግርግሩ ለመድረክ ሰዎችም ተረፈ። ከዓመታት በፊት በሀገር ፍቅር ሥራ የጀመረው ጥላሁን ገሠሠ በዚያን ጊዜ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ስለነበረ፣ አመፁ ከከሸፈ በኋላ ተይዞ ታሰረ። መድረክ የመንግሥት ክፍል በሆነበት አገር የባለሙያውም ዕጣ ከቀጣሪው ዕጣ ጋር የተያያዘ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ጥላሁን ከእስር ከወጣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሥራውን ቀጠለ።

የአቶ መኮንን ወንድም አክሊሉ ሀብተ ወልድ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እርሳቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በረሸናቸው ባለሥልጣኖች ውስጥ ነበሩ።

ትተውት ያለፉት

የአቶ መኮንን የፖለቲካ ሥራ ከዘመኑ ጋር አልፏል፤ ያቋቋሙት ማኅበር ግን ከእርሳቸውም፣ ከዘውዱም፣ ከደርግም በኋላ ቀጥሏል። ሀገር ፍቅር ቴአትር በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አገር በቀል ቴአትር ቤቶች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል፤ ዛሬም በአራዳ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ይሠራል። በአገሪቱ ስመ ጥር ከሆኑት ድምፃውያንና ተዋንያን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉት በዚህ ቤት ነው።