ማይክል ፋራዳይ
ማይክል ፋራዳይ (1791–1867 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። ከድሃ አንጥረኛ ቤተሰብ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆነ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት እያነበበ ሳይንስን ተማረ። በ1812 የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች አዳምጦ ማስታወሻውን ጠርዞ ላከለት፤ በዓመቱም በሮያል ኢንስቲትዩሽን የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1831 ተለዋዋጭ የመግነጢስ መስክ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳየ። በዚያው ዓመት ወደ ላይና ወደ ታች በሚርገበገብ ሰሌዳ ላይ ያለ ፈሳሽ ሥርዓት ያላቸው ሞገዶች እንደሚያበጅ፣ ሞገዶቹም በሰሌዳው ድግግሞሽ ግማሽ እንደሚወዛወዙ ገለጸ። እነዚህ ዛሬ የፋራዳይ ሞገዶች ይባላሉ።

የብረት ብናኝ በማግኔት ዙሪያ የሚሠራቸውን መስመሮች መርምሮ፣ የመግነጢስ ኃይል በማግኔቱ ዙሪያ ባለው ቦታ ሁሉ የተዘረጋ ነው አለ። የሒሳብ ትምህርት ስላልነበረው ሐሳቡን በቀመር ሊያስቀምጠው አልቻለም፤ ብዙ ሊቃውንትም ተጠራጠሩት። በኋላ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በሒሳብ አጸናው።

ፋራዳይ የናይትነት ማዕረግ ቢቀርብለትም አልተቀበለም።

በሞተ በ100 ዓመቱ፣ በ1967፣ ካውሊና ሮዘንስዋይግ ደቃቅ መግነጢሳዊ ብናኝ ያዘለ ፈሳሽን አጠኑ። ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት መስክ ከተወሰነ ልክ ሲበልጥ፣ ለጥ ያለው ገጽ በድንገት በባለ ስድስት ማዕዘን ድርድር ሾጣጣዎችን ያወጣል። ፋራዳይ ለየብቻ ያጠናቸው የፈሳሽ ቅርጽና የመግነጢስ መስክ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ተገናኙ።