ከመስተዋት ወደ መጠይቅ፦ የማኑኤል ጋርሲያ ሕይወትና የድምፃውያን የድምፅ ጤና ግምገማ

የቫዮሊን ተጫዋች የላላ ክሩን በዓይኑ አይቶ ያጠብቃል፤ የተበጠሰውንም ይለውጣል። የድምፃዊ የሙያ መሣሪያ ግን በገዛ ማንቁርቱ ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚረዳው በዓይኑ ሳይሆን በሚሰማው ስሜት ነው። ድምፃውያን ይህን ስሜት በሥርዓት የሚገልጹባቸው የራስ ግምገማ መጠይቆች በዘመናችን ተዘጋጅተዋል፤ ወደ ፖርቱጋልኛም ተመልሰዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የስፔናዊውን የድምፅ መምህር የማኑኤል ጋርሲያን ሕይወት በመቃኘት፣ የድምፃዊው የራሱ ምስክርነት በድምፅ ጤና ጥናት ውስጥ ያለውን ስፍራ ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋርሲያ በ1805 የተወለደው ከድምፃውያን ቤተሰብ ነው። አባቱ ስመ ጥር የኦፔራ ድምፃዊ ሲሆን፣ እኅቶቹ ማሪያ ማሊብራንና ፖሊን ቪያርዶም በአውሮፓ መድረኮች ገናና ሆነዋል። በ1825 አባቱ የኦፔራ ቡድኑን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ በተሻገረ ጊዜ፣ የ20 ዓመቱ ጋርሲያ በሮሲኒ ኦፔራ ፊጋሮን ሆኖ ተጫወተ። ይሁንና ገና ያልጸናው ድምፁ የመድረኩን ጫና ሊሸከም አልቻለም። ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና በወጣትነቱ ትወናን ለመተው ተገደደ።

ይህ ኪሳራ የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። በ1830 ከፈረንሳይ ጦር ጋር ወደ አልጄሪያ ዘመተ፤ ከዚያም በወታደራዊ ሆስፒታሎች ውስጥ እየሠራ የማንቁርትን አሠራር አጠና። በ1840 ስለ ሰው ድምፅ ያዘጋጀውን ጥናት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት ስዊድናዊቷ ድምፃዊት ጄኒ ሊንድ ድምፅዋ ከሥራ ብዛት ደክሞ ወደ እርሱ ፓሪስ መጣች። ጋርሲያ ትምህርቱን ወዲያው አልጀመረላትም፤ አስቀድማ ለሳምንታት ድምፅዋን እንድታሳርፍ አዘዛት። ከዚህ በኋላ በተሰጣት ሥልጠና ወደ መድረክ ለመመለስ በቃች። በዚያን ጊዜ የጉሮሮ መመልከቻ መሣሪያ በእጁ አልነበረም፤ የሚመራው ጆሮውና የራሱ ልምድ ነበር።

መሣሪያው የተገኘው በ1854 ነው። ከእርሱ በፊት አንዳንድ ሐኪሞች ጉሮሮን በመስተዋት ለማየት ሞክረው ነበር። ጋርሲያ ግን ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በእጁ በያዘው ሌላ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ፣ የራሱ የድምፅ አውታሮች ሲከፈቱና ሲገጥሙ ተመለከተ። ተመራማሪውም ተመርማሪውም እርሱ ራሱ ነበር። ውጤቱ በ1855 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቱርክና ቸርማክ የተባሉ ሐኪሞች ዘዴውን ለሕክምና አዋሉት።

መስተዋቱ የአውታሩን መልክ ያሳያል፤ ድምፃዊው በመድረክ ላይ የሚሸከመውን ችግር ግን አያሳይም። ተመሳሳይ እብጠት ያለባቸው ሁለት ድምፃውያን እኩል ላይቸገሩ ይችላሉ። ይህን የተረዱ ባለሙያዎች በ1997 የድምፅ ችግር በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና የሚለካ 30 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አወጡ። ነገር ግን ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ንግግርን ስለሚመለከቱ፣ ሲናገር ደኅና ሆኖ ከፍተኛውን ኖታ መያዝ የተሳነው ድምፃዊ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም በ2007 ለድምፃውያን የተለየ 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ታተመ። በብራዚል ፖርቱጋልኛም ለክላሲካልና ለዘመናዊ ዘፈን ድምፃውያን ለየብቻ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ።

መጠይቅን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማላመድ ቃልን በቃል ከመተካት ያለፈ ሥራ ነው። ትርጉሙ ወደ ምንጩ ቋንቋ ተመልሶ ይመረመራል፤ በባለሙያዎች ይታረማል፤ ከዚያም በድምፃውያን ላይ ይሞከራል። ለምሳሌ ኮንስቲፓዶ የሚለው ቃል በፖርቱጋል ጉንፋን የያዘውን ሰው ሲያመለክት፣ በብራዚል ብዙዎች የሆድ ድርቀት ያለበት ማለት እንደሆነ ይረዱታል። በሊዝበን የተዘጋጀ ጥያቄ ሳይመረመር በሳኦ ፓውሎ ቢቀርብ፣ ድምፃዊው በቅንነት የሰጠው መልስ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። የተሳሳተ ግምገማ ደግሞ ማረፍ የሚገባውን ድምፅ ወደ መድረክ ይመልሳል።

ጋርሲያ ከ1848 ጀምሮ በለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ለአሥርተ ዓመታት አስተማረ። በ1905 መቶኛ የልደት በዓሉ ሲከበር ሐኪሞችና ሙዚቀኞች በአንድነት አከበሩት፤ በ1906 በ101 ዓመቱ ዐረፈ። የወጣትነት ድምፁን አጥቶ የሌሎችን ድምፅ ለመጠበቅ የደከመው ይህ መምህር፣ ድምፃዊው በገዛ ጤናው ላይ ዋና ምስክር ሊሆን እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። መጠይቅን የሚያላምድ ተመራማሪም የሚጠበቅበት ይህ ምስክርነት በትርጉም ምክንያት እንዳይዛባ መጠንቀቅ ነው።