ሊዮኔል ቫን ፕራግ፤ ፍሬን በሌለው ሞተር ብስክሌት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን

በዛሬው ጽሑፋችን ከሩቅ አገር የአንድ ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ሰውየው ንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ አልነበረም። ሞተር ብስክሌት ነጂ ነበር።

እዚህ ዳበል ቦዳ ቦዳ ነጂ ከኋላው ሰው ጭኖ አቧራማ ኩርባ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። ነዳጁን ይቀንሳል፤ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይይዛል። የኋላ ጎማው አቧራው ላይ ከተንሸራተተ መውደቅ እንደሚመጣ ያውቃል። አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። ሞተሩ ፍሬን የለውም። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ነጂው ኩርባው ላይ ሲደርስ ነዳጅ በመቀነስ ፈንታ ይሰጣል፤ የኋላ ጎማውንም ሆን ብሎ ያንሸራትተዋል። በአጠገቡ ሌሎች ሦስት ሰዎች እንደዚሁ ያደርጋሉ። ይህ ውድድር ስፒድዌይ ይባላል።

ስፒድዌይ የሚካሄደው እንደ እንቁላል ሞላላ በሆነ፣ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር በለበሰ ሜዳ ላይ ነው። አራት ተወዳዳሪዎች አራት ዙር ይሮጣሉ፤ ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ያገኛል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚዞሩት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው በግራ እግሩ የብረት ጫማ ያደርጋል፤ ኩርባው ላይ ያንን እግር መሬት ለመሬት እየጎተተ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው። በመንደራችን የምታዩአቸው ቦዳ ቦዳዎች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሲሲ መሆናቸውን አስታውሱ። የሚነዳውም በቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ነው።

ፍሬን ለምን ቀረ ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አራት ሰዎች ተጠጋግተው ሲሮጡ ከፊት ያለው በድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያለው ይወጣበታል። የሚያቆም ነገር ከሌለ ግን ሁሉም የሌላውን ፍጥነት ይገምታል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሰበቃ ነው።

ሊዮኔል ቫን ፕራግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1908 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ነው። ዕድሜው 15 ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1923፣ ዌስት ሜትላንድ በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ለስፒድዌይ መስፋፋት በር የከፈተ ውድድር ተደረገ። ጨዋታው ወዲያው የወጣቱን ልብ ማረከ። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ ብዙ አውስትራሊያውያንም ተከትለውት ሄዱ። ቫን ፕራግ ከእነርሱ አንዱ ነበር። በለንደን የዌምብሌ አንበሶች ለሚባለው ቡድን ተሰለፈ፤ የቡድኑም አምበል ሆነ።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የተካሄደው በዚሁ በዌምብሌ ስታዲየም እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1936 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በማይጨው ከተሸነፈች ገና ስድስት ወር አልሞላም፤ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም ስደተኛ ሆነው የተጠጉት ይህ ውድድር ወደተካሄደበት ወደ እንግሊዝ አገር ነበር።

በዚያ ምሽት ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ስታዲየሙን ሞላው። አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ሮጡ። ብሉይ ዊልኪንሰን የሚባለው አውስትራሊያዊ አምስቱንም አሸነፈ፤ ሆኖም ሻምፒዮን አልሆነም። በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት ከማጣሪያው የተገኘ ነጥብ ተጨማሪ ሆኖ ይቆጠር ስለነበር የእርሱ ድምር 25 ሆነ። ቫን ፕራግ ከአምስቱ አራቱን አሸንፎ 26 ነጥብ አገኘ። እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተንም 26 ነበረው። ስለዚህ ሁለቱ ብቻቸውን እንደገና እንዲሮጡ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በስፒድዌይ ተወዳዳሪዎቹ የሚነሡት ከፊታቸው የተዘረጋው ገመድ ወደ ላይ ሲነሣ ነው። ገመዱን ቀድሞ የነካ ከውድድሩ ይወጣል። ላንግተን ቸኮለና ገመዱን በጠሰው። በደንቡ መሠረት ጉዳዩ አበቃ፤ ቫን ፕራግ አንድ ዙር እንኳ ሳይሮጥ የዓለም ሻምፒዮን መሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን በዚህ መንገድ ማሸነፍን አልወደደም፤ ውድድሩ እንደገና እንዲጀመር ተስማማ።

እንደገና ተነሡ። ላንግተን ቀደመ። አራቱንም ዙር ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ደረሱ። ቫን ፕራግ በትንሽ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ከአንድ ጎማ በማይበልጥ ርቀት ቀደመውና የዓለም የመጀመሪያው የስፒድዌይ ሻምፒዮን ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ሩጫ በሁለቱ መካከል የገንዘብ ስምምነት ነበረ የሚል ወሬ ተነሥቷል። የሰው ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ነጭ ሸማ ንጹሕ ሆኖ አይገኝምና ይህንንም አልደበቅናችሁም። ያም ሆኖ የቫን ፕራግን ማንነት በይበልጥ የሚመሰክረው ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ቫን ፕራግ ሞተር ብስክሌቱን ትቶ የአውስትራሊያ አየር ኃይል ባልደረባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሁለተኛ አብራሪ ሆኖ የሚበርበት የማመላለሻ አውሮፕላን፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር በሱምባ ደሴት አጠገብ በጃፓን አውሮፕላኖች ተመትቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። አራት ሰዎች ከነሕይወታቸው ውኃው ላይ ቀሩ። ከእነርሱ ሁለቱ ያለ ሰው እርዳታ ዳር መድረስ የሚችሉ አልነበሩም። ቫን ፕራግና ዋናው አብራሪ ኖኤል ዌብስተር ሁለቱን እየደገፉ መዋኘት ጀመሩ። ባሕሩ ሻርክ የሚባለው ሰው በላ ዓሣ ያለበት ነው። ቀኑ መሸ፤ ሌሊቱ ነጋ። ሠላሳ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ቆይተው አራቱም በሕይወት ዳር ደረሱ።

ሁለቱ አብራሪዎች ብቻቸውን ቢዋኙ ኖሮ ቀድመው ይደርሱ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የቫን ፕራግ ሙያ መቅደም ነበር። በዚያ ቀን ግን መቅደሙን ትቶ ጓደኛውን ያዘ። ለዚህ ተግባራቸው ሁለቱም ጆርጅ ሜዳሊያ የተባለውን የጀግንነት ሽልማት ተሸለሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ቫን ፕራግ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውድድር ተመለሰ። ከዚያም የአውስትራሊያን ምድር ከአየር ላይ ፎቶግራፍ በሚያነሡ አውሮፕላኖች አብራሪነት ሠራ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1987 በ78 ዓመቱ ነው። አምስቱንም ሩጫ አሸንፎ ዋንጫ ያጣው ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ሻምፒዮን ሆነ። ግን ዕድሜ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ተራ መንገድ ላይ በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ፍሬን በሌለው ሞተር የዓለምን ዋንጫ የወሰደ ሰው የሞተው ሁሉም ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ቦዳ ቦዳ ላይ ስትወጡ ይህንን አትርሱ።

ስፒድዌይ ዛሬም አለ። ከእንግሊዝ ይልቅ አሁን ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት በፖላንድ ነው፤ ባርቶሽ ዝማርዝሊክ የተባለው ፖላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ብቻ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በትልልቅ ውድድሮች ኩርባዎቹ ላይ የወደቀውን ሰው የሚቀበል በአየር የተሞላ አጥር ይደረጋል። ሞተሩ ግን ዛሬም 500 ሲሲ ነው፤ ዛሬም ማርሹ አንድ ነው፤ ዛሬም ፍሬን የለውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ወደዚህ ስትመጡ ታናሽ ወንድሙን ወይም እኅቱን በጀርባው ያዘለ፣ የደከመ ሰው እጅ ይዞ የተጓዘ ይኖራል። ማንም ሜዳሊያ አልሰጠውም ይሆናል። የቫን ፕራግን ታሪክ ስታነቡ ግን ያ ልጅ ያደረገው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይገባችኋል። በሚቀጥለው የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሱምባ ደሴትን ካርታ ላይ ፈልጉ፤ በዙሪያዋ ያለውንም ባሕር ስፋት ተመልከቱ። በደህና ሰንብቱ።