አርተር ራምቦ፦ አንኮበርን የረገጠው ነጋዴና በስሙ የሚጠራው ቤት

ጎረቤላ፦ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ በ1854 በሻርልቪል ተወለደ። በወጣትነቱ ግጥምን ትቶ ወደ ንግድ ዞረ፤ በ1880 ሐረር ገብቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ተሰማራ።

በ1886 መገባደጃ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ። በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ቢደርስም ንጉሥ ምኒልክን ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ አቀና። የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቀናሽ ሆኖበት ያገኘው ገንዘብ ድካሙን አላካሰም። በ1891 ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በሐረር ጀጎል በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት፣ በተቀረጸ እንጨትና በባለቀለም መስታወት ያጌጠ ሙዚየም ነው። ያሠራው ግን ከራምቦ ሞት በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።

ያልኖረበት ቤት ስሙን ሲያስጠራ፣ በእርግጥ የወጣው የአንኮበር ዳገት ታሪክም ለልጆቻችን ሊነገር ይገባል።