አንቶን ማካሬንኮ፦ ፖሊስ ለያዛቸው ልጆች አባት የሆነው መምህር

ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የሚጠብቀን ደብተሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ በየገበያው የሚንከራተት፣ ኪስ ሲያወልቅ ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚያድርም አለ። ፖሊስ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ታዲያ ይህን ልጅ ማን ሰው ያድርገው? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ አንድ መምህር ነበር። የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንቶን ሴምዮኖቪች ማካሬንኮ በ1888 ዩክሬን ውስጥ ቤሎፖልዬ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በባቡር ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ዓይኑ የደከመ፣ ሰውነቱም ደካማ ነበር። በ1905፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በባቡር ሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ካስተማረ በኋላ እንደኛው የመምህራን ተቋም ተማሪ ሆኖ ፖልታቫ ገባና በ1917 በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ።

በዚያ ዘመን የዓለም ጦርነት፣ ቀጥሎም የእርስ በርስ ጦርነትና ረሀብ አገሩን አራቁቶት ነበር። ወላጅ አልባ ልጆች በየባቡር ጣቢያው ይተኛሉ፣ ይሰርቃሉ፣ አንዳንዶቹም መሣሪያ ይዘው ይዘርፋሉ። በ1920 የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ኃላፊ ማካሬንኮን ጠርቶ የእነዚህን ልጆች ማረሚያ እንዲመራ ጠየቀው። እምቢ ቢል ማንም የማይፈርድበት ሥራ ነበር። እሱ ግን እሺ አለ።

ቦታው ከፖልታቫ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ባዶ ግቢ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ስድስት ናቸው። መጡ፣ በሉ፣ ተኙ፤ ሥራ ሲባሉ ወይ ፍንክች! መምህራኑን እንደ ሰው አልቆጠሯቸውም። ማካሬንኮ መጻሕፍቱን ሁሉ አገላበጠ። ለዚህ ችግር መልስ የሚሰጥ አንድም ገጽ አላገኘም።

አንድ የክረምት ቀን ለወጥ ቤቱ እንጨት እንዲፈልጥ ያዘዘው ጎረምሳ አፌዘበት። ማካሬንኮ ትዕግሥቱ አለቀና በጥፊ መታው። ከዚያ በኋላ ሁሉም መጥረቢያ ይዘው አብረውት ጫካ ወረዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዱላ ሠራ ማለት ነው ይላል። ማካሬንኮ ራሱ ግን ድርጊቱን እንደ መምህር ሽንፈት ነበር የቆጠረው። የተመታው ልጅ ከእሱ ይበልጥ ጉልበተኛ ነበር፤ ልጆቹን የነካቸውም ጥፊው ሳይሆን የመምህሩ ስሜት እውነተኛ መሆኑ ነው ብሎ አስረድቷል። ዱላን ዘዴ አድርጎ አልያዘም። የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ አደራን።

በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ከእስር ቤት ያወጣውን አንድ ወጣት ፈረስና ሽጉጥ ሰጥቶ ከከተማ 500 ሩብል እንዲያመጣ ላከው። ልጁ ይዞ መጣ። ገንዘቡ ይቆጠር ብሎ ቢወተውትም ማካሬንኮ ሳይቆጥር ከተተው። ቀጥሎ ለ2000 ሩብል ላከው። ሌባ ሲባል የኖረ ልጅ፣ ሰው ሲያምነው ምን እንደሚሰማው አስቡት! የዚህ ታሪክ ባለቤት ሴምዮን ካላባሊን ይባላል። አድጎ ራሱ የልጆች ማሳደጊያ ኃላፊ ሆነና እስከ 1972፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ሌሎች ልጆችን አሳደገ።

ማረሚያው በደራሲው ማክሲም ጎርኪ ስም ተሰየመ። ልጆቹ በየቡድኑ ተከፍለው የራሳቸው አዛዦች ነበሯቸው፤ የግቢውም ጉዳይ በአዛዦች ምክር ቤት ይወሰን ነበር። ለእርሻም ሆነ ለሌላ ሥራ ጊዜያዊ ቡድን ሲቋቋም ተራው የደረሰው ልጅ ይመራል። ዛሬ ያዘዘ ነገ ይታዘዛል። የአዋቂዎቹ ሥራ ከልጆቹ ጋር መዋልና ማምሸት እንጂ ከላይ ቆሞ መጮህ አልነበረም። በ1926 ማካሬንኮ 120 ያህል ልጆቹን ይዞ ካርኮቭ አጠገብ ወደሚገኘው ኩርያዥ ተዛወረ። እዚያ በተጎሳቆለ የቀድሞ ገዳም ውስጥ 280 ልጆች በእድፍና በሌብነት ይኖሩ ነበር። ሥርዓት ያስያዟቸው የቀድሞዎቹ ሌቦች ናቸው።

የዩክሬን የመንግሥት ፖለቲካ ፖሊስ አባላት በበኩላቸው ከደመወዛቸው እያዋጡ በካርኮቭ ዳርቻ የልጆች መኖሪያ ሠሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ቤቱ በ1927 መጨረሻ በፌሊክስ ድዘርዥንስኪ ስም ተከፈተና ማካሬንኮ መሪው ሆነ። በ1928 ደግሞ የትምህርት ባለሥልጣናት አሠራሩ ወታደራዊ ነው ብለው ስለ ነቀፉት የጎርኪን ማረሚያ ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሰጠ። ልጆቹ የቀኑን ከፊል ይማራሉ፣ ከፊሉን ይሠራሉ። በአናጢነት ጀምረው ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ከዚያም በድዘርዥንስኪ ስም መነሻ ፊደሎች ፌድ የተባለውን ፎቶ ካሜራ ሠሩ።

እውነቱን መሸፈን አይገባም። ያው የፖለቲካ ፖሊስ በ1930ዎቹ እጅግ ብዙ ንጹሐን ሰዎችን አስሯል፣ ገድሏል። በአንድ እጁ ልጅ ሲያሳድግ በሌላው አባት ይወስድ ነበር። ስለዚህ ከማካሬንኮ የምንማረው የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳይሆን የመምህሩን ሥራ ነው። ሕግ አስከባሪ ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ አጠገቡ የልጁን ስም የሚያውቅ፣ ከልጁ ጋር የሚሠራ አዋቂ ያስፈልጋል።

ማካሬንኮ በ1935 ከልጆቹ ተለይቶ ኪየቭ ቢሮ ገባ፤ በ1937 ሞስኮ ሄዶ በጽሑፍ ሥራ ተጠመደ። በ1939 በ51 ዓመቱ፣ በሞስኮ አካባቢ ባቡር ውስጥ እንዳለ ልቡ ቆመ።

እጩ መምህራን! በምንመደብበት ቦታ ፖሊስ ለሰፈር ልጆች ኳስ፣ ንባብ ወይም የእጅ ሥራ የሚያስተምር ፈቃደኛ ሲፈልግ ምን እንመልስ ይሆን? ደመወዝ የለውም፣ ቅዳሜን ይበላል፣ አንዳንዱም ልጅ ያፌዝብናል። ማካሬንኮም የጀመረው ባፌዙበት ስድስት ልጆች ነው።