የእሳት እራቶቹ ወዳጅ - አልፍሬድ ራስል ዋላስ

የዝግመተ ለውጥ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቻርለስ ዳርዊን ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ በራሱ መንገድ የደረሰው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ግን ብዙም አይነሳም።

ዋላስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1823 በዌልስ ተወለደ። ቤተሰቡ ገንዘብ ስላጠረው በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ መሬት ቅየሳ ሥራ ገባ። በ1844 በሌስተር ከተማ መምህር ሳለ ከሄንሪ ዋልተር ቤትስ ጋር ተዋወቀ። ጥንዚዛ መሰብሰብ የሚወደው ቤትስ ፍቅሩን ለዋላስም አጋባበት። ሁለቱ ወጣቶች በ1848 ወደ አማዞን ዘለቁ። የሚተዳደሩትም የሰበሰቡትን ወደ ለንደን ልከው በማሸጥ ነበር።

አማዞን ዋላስን ክፉኛ አስከፍላዋለች። ታናሽ ወንድሙ በ1851 በቢጫ ወባ ሞተበት። በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ የተሳፈረባት መርከብ ባሕር ላይ ተቃጠለች። እሱ በጀልባ 10 ቀን ተንገላቶ ሲተርፍ፣ ይዞት የነበረው ስብስብ የእሳት ሲሳይ ሆነ።

ሌላው ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። ዋላስ ግን በ1854 ወደ ማላይ ደሴቶች አቀና። በ1855 መጨረሻ በሳራዋክ፣ በጫካ በተከበበ ኮረብታ ላይ ባለ ጎጆ ከረዳቱ ከአሊ ጋር ከረመ። ማታ ማታ በነጭ ቀለም በተቀባው በረንዳ ላይ ፋኖስ አብርቶ፣ መረብና መርፌ ይዞ የእሳት እራቶችን ይጠብቅ ነበር። ጨረቃ የደመቀች ሌሊት ከሆነ የሚመጣ የለም። ጨለማና ዝናብ ሲሆን ግን ይጎርፋሉ፤ እሱም እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። በ26 ሌሊቶች 1,386 የእሳት እራቶች ሰበሰበ። ከእነዚህ ውስጥ ከ800 በላይ የሚሆኑት የተያዙት በአራት ዝናባማ ሌሊቶች ብቻ ነው።

በ1858 ትኩሳት ይዞት ሳለ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ የጻፈውን ለዳርዊን ላከ። የሁለቱም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን ለንደን ውስጥ በአንድ ጉባዔ ተነበበ። ዝናው ግን ይበልጥ ለዳርዊን ሆነ፤ ዋላስም አልተቀየመም።

በ1862 ከ125 ሺ በላይ ናሙና ሰብስቦ ተመለሰ። ኖቬምበር 7 ቀን 1913 በ90 ዓመቱ አረፈ። ዛሬም የተፈጥሮ ወዳጆች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ መብራት አብርተው እነዚያኑ እንግዶች ይጠብቃሉ።